ምዕራፍ ዐሥራ አንድ፦ እንቆቅልሹን ሳይፈቱ መጽሐፍን ማስተዋወቅ

የምዕራፉ ዓላማ

ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን ምዕራፍ በሚገባ ተምራችሁ ስትጨርሱ፦

1. ያነበባችሁትን ወይም በማንበብ ላይ ያላችሁትን መጽሐፍ ለጓደኞቻችሁ በቃልም በጽሑፍም ለማስተዋወቅ፤
2. ስለ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ስትናገሩ የታሪኩን መጨረሻ ሳትገልጡ የመጽሐፉን ጠባይ ለማስረዳት፤
3. አድራጊና ተደራጊ ግሶችን ለይታችሁ በተገቢው ቦታ ለመጠቀም ትችላላችሁ።

ከንባብ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩ።

1. በአሁኑ ጊዜ ምን መጽሐፍ በማንበብ ላይ ናችሁ? እንድታነቡት ያነሣሣችሁ ማን ወይም ምን ነበር?
2. እንቆቅልሽ ስትጫወቱ መልሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢናገር ምን ይሰማችኋል?

ሀ. ምንባብ

አንባቢ ለአንባቢ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ መጽሐፍ ከመደብር ወጥቶ ወደ አንባቢ እጅ የሚደርሰው በብዙ መንገድ ነው። ማስታወቂያ ያደርሰዋል፤ መምህር ያዝዘዋል፤ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በአጋጣሚ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ብርቱ የሆነው መንገድ ግን የሌላ አንባቢ ቃል ነው። «ይህን መጽሐፍ አንብበው» የሚል ሰው ቀላል ነገር የተናገረ ይመስላል። ነገር ግን አድማጩ ቃሉን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል፤ ገንዘብ ባያወጣ እንኳ ሁለት ሦስት ምሽቱን ይሰጣል። ስለዚህ መጽሐፍን ለወዳጅ ማመልከት አደራ መቀበል ነው። አደራውን በሚገባ የተወጣ ሰው ሌላ ጊዜም ሲናገር ይደመጣል፤ ያጎደለው ግን ሁለተኛ የሚያምነው አያገኝም።

ከልብ ወለድ ዓይነቶች መካከል ለማስተዋወቅ እጅግ የሚያስቸግረው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው። የፍቅር ወይም የታሪክ ልብ ወለድ መጨረሻው አስቀድሞ ቢታወቅም አንባቢውን ሊያስደስት ይችላል። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ግን የቆመው በተሰወረ ነገር ላይ ነው። ወንጀል ተፈጽሟል፤ ማን፣ እንዴትና ለምን እንደ ፈጸመው ግን አይታወቅም። መርማሪው ፍንጭ እየለቀመ፣ ምስክር እየጠየቀ፣ ሐሰቱን ከእውነቱ እያበጠረ ወደ መልሱ ይጓዛል። አንባቢውም ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ እየመዘነ አብሮ ይፈልጋል። ይህ ከእንቆቅልሽ ጨዋታ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። «እንቆቅልሽ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ብሎ የተቀበለ ሰው መልሱን ራሱ ለማግኘት ይታገላል፤ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እርሱ ገና በማሰብ ላይ ሳለ ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ ሰው መልሱን ቢናገር ግን ጨዋታው ፈረሰ። የወንጀል ልብ ወለድን መጨረሻ ገና ላላነበበ ሰው የሚገልጥም እንደዚሁ ጨዋታ አፍራሽ ነው።

ይህ የልብ ወለድ ዓይነት የተጀመረው አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ በ1841 ባወጡት አጭር ታሪክ እንደ ሆነ ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይስማማሉ። በታሪኩ ውስጥ የፓሪስ ነዋሪ የሆነው ዱፓን ፖሊሶችን ግራ ያጋባውን ጉዳይ በማስተዋልና በማሰላሰል ብቻ ይፈታዋል። የተሰወረ በደልን የመመርመር ፍላጎት ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ማን እንዳደረሰው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲገጥም የአካባቢው ሕዝብ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ጉዳዩ እስኪወጣ ድረስ ይጠያየቅ ነበር። በችሎት ፊትም የበላ ልበልሃ ሙግት ሲካሄድ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ሳይቀር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በአውጫጭኝ እውነቱ እንዲወጣ የሚጠየቀው የተሰበሰበው ሕዝብ ሲሆን፥ በልብ ወለዱ ግን ሸክሙ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በአንድ መርማሪ ትከሻ ላይ ነው።

የወንጀል ምርመራ ደራስያን አንዱን መርማሪ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ማመላለስ ይወዳሉ። እንዲህ ያለው ድርሰት ተከታታይ ልብ ወለድ ይባላል። አንባቢው ከመርማሪው ጋር ይላመዳል፤ አረማመዱን፣ አነጋገሩን፣ ድካሙን ሳይቀር ያውቃል፤ አዲስ መጽሐፍ ሲገልጥ የቆየ ወዳጁን የሚያገኝ ይመስለዋል። ይህ መላመድ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ የሚያሳየው የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው መርማሪ ሆምስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1887 ነበር። ፈጣሪው አርተር ኮናን ዶይል በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። ዝናው እየገነነ ሲሄድ ግን ሌላ ዓይነት ድርሰት ለመጻፍ ጊዜ እንዳሳጣቸው ስለ ተሰማቸው በ1893 በወጣ አጭር ታሪክ ሆምስን በስዊዘርላንድ ከሚገኝ ፏፏቴ ገደል ሰደዱት። አንባቢው ግን በዚህ አልተስማማም፤ ደራሲው የቁጣ ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ጀመር። በ1901 ከመርማሪው ሞት በፊት እንደ ተፈጸመ የሚተረክ አንድ ልብ ወለድ በመጽሔት ማውጣት ጀመሩ፤ በ1903 ደግሞ ሆምስ ከገደሉ ተርፎ እንደ ነበር አድርገው መለሱት። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ በይፋ የታወቀ ስለ ሆነ መናገሩ ነውር የለውም። የሆምስ ታሪኮች በጠቅላላው 4 ረጃጅም ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ናቸው። አጫጭሮቹ እያንዳንዳቸው በአንድ ምሽት ስለሚያልቁ ለጀማሪ አንባቢ ይመቻሉ።

ሁለተኛዋ ስመ ጥር እንግሊዛዊት ደራሲ አጋታ ክሪስቲ ናቸው። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው በ1920 ታተመ። በእርሱም ውስጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከአገሩ የተሰደደውን ቤልጅማዊ መርማሪ ኤርኩል ፗሮን አስተዋወቁ። ፗሮ በ33 ልብ ወለዶች፥ ሚስ ማርፕል የተባለችው አሮጊት ደግሞ በ12 ልብ ወለዶች ውስጥ ይመረምራሉ። የክሪስቲ ጥበብ ፍንጩን ሁሉ በአንባቢው ፊት አስቀምጦ አንባቢው እንዳያስተውለው ማድረግ ነው። በ1926 የታተመው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» አንባቢዎችንና ሐያስያንን እጅግ አከራክሯል። ያከራከራቸው መጨረሻው ስለ ሆነ እዚህ ላይ ከዚህ በላይ አይነገርም። የፗሮን መጻሕፍት አንባቢው በፈለገው ቅደም ተከተል ቢያነባቸው ብዙ አይጎዳም፤ በ1975 የታተመውን የመጨረሻውን መጽሐፍ ግን ከሁሉ በኋላ ማንበብ ይሻላል።

በቤልጅግ ተወልደው በፈረንሳይኛ የጻፉት ዦርዥ ሲምኖን ሌላ መንገድ መረጡ። የእርሳቸው ገጸ ባሕርይ የፓሪሱ ፖሊስ ሜግሬ ነው። ሜግሬ እንደ ሆምስ የሲጋራ አመድ እየመረመረ ወይም እንደ ፗሮ ተጠርጣሪዎችን በአዳራሽ ሰብስቦ እያስደነቀ አይሠራም። ፒፓውን እያጤሰ በመንደሩ ይዘዋወራል፤ ከቡና ቤቱ አሳላፊና ከቤቱ ጠባቂ ጋር ይጨዋወታል፤ የሟቹን አኗኗር ይለምዳል። «ማን ገደለ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ይህ ሰው ወደዚህ ተግባር እንዴት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ይከብደዋል። ከ1931 እስከ 1972 የታተሙት የሜግሬ ልብ ወለዶች 75 ሲሆኑ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ የተሟላ ስለ ሆነ አንባቢው ያገኘውን አንሥቶ መጀመር ይችላል።

ስዊድናውያኑ ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ ደግሞ ከ1965 እስከ 1975 ድረስ 10 መጻሕፍት አብረው ጻፉ። ሁለቱም ጋዜጠኞች ነበሩ፤ በኑሮም አጋሮች ነበሩ። ማታ ማታ ምዕራፍ እየተካፈሉ ይጽፉ ነበር፤ እያንዳንዱ መጽሐፍም 30 ምዕራፎች አሉት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርቲን ቤክ ተአምር የሚሠራ መርማሪ አይደለም። ሆዱን ያመዋል፤ ጉንፋን አይለየውም፤ ትዳሩ ቀዝቅዟል። ጉዳዩን የሚፈታው ብቻውን ሳይሆን ከባልደረቦቹ ጋር በትዕግሥት እየለፋ ነው። የደራስያኑ ዓላማ አንባቢን ማዝናናት ብቻ አልነበረም፤ ከውጭ ሲታይ የተደላደለ በሚመስለው ኅብረተሰብ ውስጥ የተሸፈነውን ጉድለት ለመግለጥ ፈልገዋል። በእነዚህ 10 መጻሕፍት ውስጥ ሰዎቹ ያረጃሉ፤ ይለወጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ማንበብ ይገባል። ከሰባተኛው የጀመረ ሰው በቀደሙት ስድስት መጻሕፍት ውስጥ ማን እንደሚተርፍ ሳይፈልግ ያውቃል።

ደም ማየት ለማይወድ አንባቢም የሚሆን ተከታታይ አለ። በዛሬይቱ ዚምባብዌ የተወለዱት አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ፕሬሸስ ራሞትስዌ የተባለች ሴት በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ወደ እርስዋ የሚመጡት አብዛኞቹ ጉዳዮች የግድያ አይደሉም፤ የጠፋ ባል፣ የተሰረቀ መኪና፣ የተጠረጠረ ሠራተኛ ናቸው። መሣሪያዋም ሰውን ማወቅና ማስተዋል ነው። በአገራችንም ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን በአማርኛ በመድረስ፥ ማሞ ውድነህ ደግሞ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ በመመለስ ይታወቃሉ። በእነርሱ መጻሕፍት ንባብን የለመዱ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ መካከል የትኛውን ለማን እናመልክት? «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። አስቀድሞ ሰውየውን ማወቅ ይሻላል። ጊዜ ለሌለው አጭር ታሪክ፣ ስሌት ለሚወድ የክሪስቲ እንቆቅልሽ፣ የሰውን ልብ ለሚመረምር ሜግሬ፣ ስለ ኅብረተሰብ መወያየት ለሚወድ ማርቲን ቤክ ይስማማዋል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሐቀኝነት ነው። መጽሐፉ ጭካኔ የሚገልጥ ትርኢት ካለው፣ መጀመሪያው ቀስ ያለ ከሆነ፣ ይህንንም መናገር ይገባል። በቀድሞ ዘመን በተጻፉት ውስጥ የሌላ ሕዝብን ክብር የሚነካ አገላለጥ ይገኛል፤ በ1890 በታተመው «የአራቱ ምልክት» በተባለው የሆምስ ታሪክ ውስጥ ስለ እስያ ደሴት ተወላጅ የተጻፈው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህን ሸሽጎ መጽሐፉን ብቻ ማወደስ አንባቢውን ሳይዘጋጅ መላክ ነው።

አንድ ነገር ግን ምንጊዜም ይሸሸጋል፤ እርሱም መጨረሻው ነው። አጋታ ክሪስቲ የደረሱት «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ተውኔት በለንደን መታየት የጀመረው በ1952 ነው። ከጨዋታው ፍጻሜ በኋላ ተዋንያኑ ምስጢሩን ለሌላ እንዳይነግሩ ተመልካቾችን ይለምናሉ። ምስጢሩን በጽሑፍ ማግኘት ለፈለገ ሰው ከባድ አይደለም፤ ሆኖም ከትውልድ ትውልድ ሳያውቁት ገብተው የተደነቁ እጅግ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ደስታቸውን ያገኙት ከእነርሱ በፊት የገቡት ዝም ስላሉላቸው ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዲሉ፥ የወንጀል ልብ ወለድ እውነትም በራሱ ጊዜ እንዲጠራ መተው ለሚመጣው አንባቢ የሚደረግ ቸርነት ነው።

ለ. የቃላት ፍች

ከዚህ በታች ያሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የገቡ ናቸው። ፍቻቸውን ካጠናችሁ በኋላ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

1. ፍንጭ፦ ወደ ተሰወረ ነገር የሚመራ ትንሽ ምልክት።
2. አበጠረ፦ እህልን ከገለባው ለየ፤ (በምሳሌያዊ አነጋገር) እውነትን ከሐሰት ለየ።
3. ተጠርጣሪ፦ በደል ሳይፈጽም አልቀረም ተብሎ የሚገመት፤ ጥፋቱ ግን ገና ያልተረጋገጠ።
4. አውጫጭኝ፦ አጥፊው ያልታወቀ በደል ሲደርስ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት የቀድሞ ሥርዓት።
5. በላ ልበልሃ፦ ተሟጋቾች በዳኛ ፊት በአንደበተ ርቱዕነት የሚከራከሩበት የቀድሞ የሙግት ሥርዓት።
6. ገጸ ባሕርይ፦ በልብ ወለድ ወይም በተውኔት ውስጥ ሆኖ ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ሰው።
7. ሐያሲ፦ የሥነ ጽሑፍን መልካምና ጉድለት መርምሮ የሚገልጥ ሰው፤ ብዙው ሐያስያን።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. መጽሐፍን ለወዳጅ ማመልከት አደራ መቀበል ነው የተባለው ለምንድን ነው?
2. የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድና የእንቆቅልሽ ጨዋታ በምን ይመሳሰላሉ?
3. በአውጫጭኝና በልብ ወለድ ምርመራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
4. ኮናን ዶይል በ1893 ያደረጉትንና በ1903 የለወጡትን ነገር ግለጡ። ይህ ስለ አንባቢና ስለ ገጸ ባሕርይ ግንኙነት ምን ያስተምረናል?
5. የሜግሬ የምርመራ ዘዴ ከሆምስና ከፗሮ ዘዴ በምን ይለያል?
6. የማርቲን ቤክን መጻሕፍት በተራ ማንበብ የሚያስፈልገው፥ የሜግሬን ግን የማያስፈልገው ለምንድን ነው?
7. የምንባቡ ጸሐፊ ስለ «ሮጀር አክሮይድ ግድያ» ከተወሰነ ነጥብ በላይ ያልተናገሩት ለምን ይመስላችኋል?
8. ለውይይት፦ «የመጽሐፍን ጉድለት የሚናገር ሰው መጽሐፉን ያስጠላል» የሚሉ አሉ። ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን አስረዱ።

መ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግስ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ጸሐፊዋ ሣጥኑን ሰበረች።
ለ) ሣጥኑ ተሰበረ።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቷ «ጸሐፊዋ» ናት፤ ድርጊቱን የፈጸመችው እርስዋ ስለ ሆነች «ሰበረች» የሚለው ግስ አድራጊ ይባላል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ «ሣጥኑ» ነው፤ ድርጊቱ የደረሰበት እንጂ የፈጸመ አይደለም። ስለዚህ «ተሰበረ» ተደራጊ ግስ ነው። በአድራጊው ዓረፍተ ነገር ተሳቢ የነበረው ቃል በተደራጊው ባለቤት ሆኗል፤ የተሳቢነት ምልክት የሆነችውን «ን»ንም ጥሏል።

በኃላፊ አንቀጽ ተደራጊ ግስ በ«ተ» ይታወቃል፦ ቆለፈ፥ ተቆለፈ፤ ደበቀ፥ ተደበቀ፤ ገደለ፥ ተገደለ። በትንቢት አንቀጽ ግን «ተ» ትዋጣለች፤ በእርስዋ ፈንታ የሥሩ የመጀመሪያ ፊደል ጠብቆ ይነበባል፦ ይሰብራል፥ ይሰበራል፤ ይቆልፋል፥ ይቆለፋል። በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ግን ተደራጊ እንዳልሆነ አስተውሉ። «ተቀመጠ»፣ «ተነሣ» በሚሉት ግሶች ባለቤቱ ድርጊቱን ራሱ የፈጸመ ነው።

የተደራጊ ግስ ጥቅም

የአማርኛ ግስ የባለቤቱን ጾታ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቍጥር ለይቶ ያሳያል። «ገባ» ስንል ወንድ፥ «ገባች» ስንል ሴት መሆንዋን እንገልጣለን። ይህ ጠባይ በሌላ ጊዜ ለንግግር ግልጽነት ይሰጣል፤ የወንጀል ልብ ወለድን ለሚያስተዋውቅ ሰው ግን ወጥመድ ነው። ተጠርጣሪዎቹ አንዲት ሴትና አራት ወንዶች ሆነው ሳለ «መርዙን የጨመረችው በመጨረሻ ትያዛለች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስም ሳይጠራ ስም ጠርቷል። በአንዲት «ች» መጽሐፉን ጨርሶታል። እንግዲህ ከዚህ ወጥመድ ማምለጫው መንገድ አራት ነው።

1. በተደራጊ ግስ መጠቀም፦ «መርዙ በሻይ ውስጥ ተጨመረ።» አድራጊው ወይም አድራጊዋ አልታወቀም።
2. በስም ወይም በንኡስ አንቀጽ መጠቀም፦ «ስርቆቱ የደረሰው በሌሊት ነው»፤ «ቍልፉን ማግኘት ለማንም ቀላል ነበር።»
3. በ«ማን» መጠየቅ፦ «ሣጥኑን የከፈተው ማን ነው?» «ማን» የሚለው መጠይቅ ጾታው ባልታወቀ ጊዜ በወንድ አንቀጽ ስለሚነገር ወንድ መሆኑን አያረጋግጥም። «የከፈተችው ማን ናት?» ብንል ግን ምስጢሩ ወጣ።
4. በብዙ ቍጥር ወይም በአክብሮት አንቀጽ መጠቀም፦ «ገቡ» ሲባል የገቡት ብዙዎች ወይም አንድ የተከበሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጾታም አይለይም። በምንባቡ ውስጥ «አስተዋወቁ» የተባለው ለአጋታ ክሪስቲ፥ «መለሱት» የተባለው ለኮናን ዶይል ነው፤ ከግሶቹ ብቻ ሴቲቱን ከወንዱ መለየት አይቻልም። ይሁን እንጂ የአክብሮት አንቀጽ ሽማግሌ ወይም ባለ ማዕረግ መሆንን ስለሚጠቁም በጥንቃቄ ይጠቀሙበታል።

የእርግጠኝነት ደረጃ

መርማሪ ያየውንና የገመተውን አይቀላቅልም። «መስኮቱ ተሰብሯል» ያየው ነው፤ «የተሰበረው ከውስጥ መሆን አለበት» ከማስረጃ የደረሰበት ነው፤ «የሰበረው የቤት ሰው ሳይሆን አይቀርም» ግምቱ ነው፤ «በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል» ገና ያልዘጋው በር ነው። መጽሐፍን የሚያመለክት ሰውም እንዲሁ ያድርግ። «ትወደዋለህ» ብሎ በሌላ ሰው ልብ ላይ ከመፍረድ «ሳትወደው አትቀርም» ማለት ይሻላል፤ ከዚያም ይልቅ የሚሻለው «እኔ የወደድሁት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ፍርዱን ለአንባቢው መተው ነው።

ሠ. ድርሰት፦ መጽሐፍን በጽሑፍ ማስተዋወቅ

መጽሐፍን የሚያስተዋውቅ አጭር ጽሑፍ ቢያንስ አምስት ነገሮችን ይይዛል።

1. የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ከተከታታዩ ስንተኛ እንደ ሆነ፤
2. ታሪኩ የተፈጸመበትን ቦታና ዘመን፤
3. ታሪኩን የሚያስጀምረውን ችግር፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥ የሚገኘውን ብቻ፤
4. ጸሐፊው መጽሐፉን የወደደበትን ወይም ያልወደደበትን ምክንያት ከማስረጃ ጋር፤
5. መጽሐፉ ለማን እንደሚስማማና ለማን እንደማይስማማ።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ጽሑፎች አንብባችሁ አወዳድሩ። የመጀመሪያው ስለ አንድ የፈጠራ መጽሐፍ የተጻፈ ነው።

ጽሑፍ አንድ

«ይህ መጽሐፍ በጣም ግሩም ነው። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ በዓለም ላይ የለም። ሁላችሁም አንብቡት። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ዘበኛውን ይጠረጥራል፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ የምትያዘው ማን እንደ ሆነች ብነግራችሁ አታምኑም። እኔ እንኳ ሐኪሟን አልጠረጠርሁም ነበር።»

ጽሑፍ ሁለት

«ውድ ጓደኛዬ፥

በዚህ ሳምንት ምን እያነበብሁ እንደ ሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ በ1965 ያሳተሙትን ‹ሮዛና›ን ጨርሻለሁ፤ ከ10ሩ የማርቲን ቤክ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በስዊድን አገር በአንድ የመርከብ መተላለፊያ ቦይ ነው። በበጋ ቀን ቦዩ ሲጠረግ የአንዲት ሴት አስከሬን ይወጣል። ስምዋን የሚያውቅ የለም፤ የሚፈልጋትም ዘመድ አልመጣም። የመርማሪዎቹ የመጀመሪያ ጭንቀት ‹ማን ገደላት?› የሚለው ሳይሆን ‹ማን ናት?› የሚለው ነው።

መጽሐፉን የወደድሁት ትዕግሥትን ስለሚያሳይ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፤ መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ስልክ ይደወላል፤ ምንም አይገኝም። ሆኖም ማርቲን ቤክ ስም የሌላትን ሴት አይረሳትም። አንድ ሰው ከሞተ በኋላም ቢሆን ስሙ ሊታወቅለት፣ በደሉ ሊመረመርለት የሚገባ መሆኑን ከዚህ መጽሐፍ ይልቅ አጥብቆ የነገረኝ የለም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ታሪኩ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ፤ በየገጹ አዲስ ነገር የምትሻ ከሆነ ሊሰለችህ ይችላል። በሴት ላይ የተፈጸመ ጭካኔም አለበት፤ ይህ የሚከብድህ ከሆነ ሌላ እንፈልጋለን። ከወደድኸው ግን ሁለተኛውን አብረን እንጀምራለን። ስለ መጨረሻው ምንም አልነግርህም፤ ስትጨርስ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።

ወዳጅህ»

የመጀመሪያው ጽሑፍ ውዳሴ ያበዛል፤ ምክንያት ግን አይሰጥም። የመጽሐፉን ርእስና ደራሲውን አይናገርም፤ መናገር የማይገባውን ግን ይናገራል። «የምትያዘው» በሚለው ቃል ጾታን፥ «ሐኪሟን» በሚለው ቃል ደግሞ ሰውዬዋን ገልጧል። ሁለተኛው ጽሑፍ የታሪኩን መነሻ ብቻ ያቀርባል፤ የወደደበትን ምክንያት በምሳሌ ያስረዳል፤ ጉድለቱን አይሸሽግም፤ ውሳኔውንም ለጓደኛው ይተዋል። የሟቿን ሴትነት መግለጡ ስሕተት አይደለም፤ በታሪኩ መነሻ ላይ የሚታወቅ ነውና። የገዳዩን ማንነት በሚመለከት ግን «ማን ገደላት?» ከሚለው መጠይቅ አላለፈም።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን አድራጊ ዓረፍተ ነገሮች አድራጊው በማይታወቅበት ተደራጊ ዓረፍተ ነገር ለውጡ።

1. ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ደበቀ።
2. የቤት ሠራተኛዋ የመስኮቱን መስተዋት ሰበረች።
3. ወንድምዬው ኑዛዜውን ቀደደው።
4. አስተናጋጇ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች።
5. ፖሊሶች አሮጌውን ጕድጓድ ቈፈሩ።

መልመጃ ሁለት። በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ምስጢር የሚያወጣውን ቃል አስምሩበት፤ ከዚያም ምስጢሩ እንዲጠበቅ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።

1. ቀለበቱን የወሰደችው ከእራት በኋላ ነው።
2. መርማሪው ገዳይዋን ባቡር ጣቢያ ላይ ያገኛታል።
3. ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ እንጂ አባት አለመሆኑ በመጨረሻው ምዕራፍ ይታወቃል።

መልመጃ ሦስት። ለክፍል ውይይት፦ አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ በማንበብ ላይ ያላችሁትን መጽሐፍ በሦስት ደቂቃ ለቡድናችሁ አስተዋውቁ። አድማጮች ሁለት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ተናጋሪው የመጽሐፉን መጨረሻ የሚነካ ጥያቄ ሲቀርብለት «አንብበህ ድረስበት» ወይም «አንብበሽ ድረሺበት» ብሎ ይለፈው።

መልመጃ አራት። ለድርሰት፦ ያነበባችሁትን አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ወይም ሌላ ልብ ወለድ መርጣችሁ ለአንድ ለምታውቁት ሰው፥ ለምሳሌ ለታላቅ እኅታችሁ፣ ለአጎታችሁ ወይም ለክፍል ጓደኛችሁ፥ ከ200 እስከ 250 ቃላት ባለው ደብዳቤ አስተዋውቁ። የአክብሮት አንቀጽ ለሚገባው ሰው በአክብሮት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብዳቤውን መጽሐፉን ላላነበበ ጓደኛ አስነብቡና የታሪኩን መጨረሻ እንዲገምት ጠይቁት። በትክክል ከገመተ ምስጢሩ ከየትኛው ቃል እንዳመለጠ ፈልጋችሁ አርሙ፤ ካልገመተና መጽሐፉን እንድታውሱት ከጠየቃችሁ ግን ድርሰታችሁ ሥራውን ሠርቷል።